«መጣሁ» ብሎ የሄደው ኦዴል

ኦዴል ፎንትኖ የተወለደው በእግሩ ነው። አዋላጇ «ይሄ ልጅ እግሩን አስቀድሞ የመጣው መሄጃ ስላለው ነው» ብላ ነበር አሉ። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ እናቱ ግን እስክትሞት ድረስ ትምልበት ነበር። እሁድ እሁድ ሰባኪው ገና «ወገኖቼ» ከማለቱ ኦዴል በወንበር ሥር ሾልኮ በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል። ብትቆነጥጠው አልሆነ፣ በከረሜላ ብታባብለው አልሆነ፤ በመጨረሻ ሲመርራት በአባቱ ቀበቶ ከልጆቹ አግዳሚ ወንበር ጋር ታስረው ጀመር። አንድ እሁድ አግዳሚውን ከነቀበቶው እየጎተተ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ። ምእመኑ በሳቅ ፈረሰ። እናቱ ግን ስታለቅስ ዋለች።

አድጎም አልበረደለትም። ሉዊዚያና ውስጥ አንድ ድሃ ጥቁር ሰው ሊሠራው የሚችለው ሥራ ሁሉ የእሱን እጅ አይቷል። ሸንኮራ ቆርጧል፣ ባሕር ወርዶ ሽሪምፕ አጥምዷል፣ የነዳጅ ቱቦ ቀብሯል፣ የጭነት መኪና ነድቷል። የትም ግን አይሰነብትም። «የሚያደክመኝ ሥራው አይደለም፤ ነገም እዚያው መሆኔ ነው» ይል ነበር። ሚስቱ ቬሬታ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅበት ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን መሳቁን ተወችው። «እኔ እኮ ባል አላገባሁም፤ ነፋስ ነው ያገባሁት» ትላለች ለጎረቤቶቿ። ሲሄድ የሚላት ቃል አንድ ናት፤ «መጣሁ»። ለሲጋራ ሲወጣም «መጣሁ»፣ ለአንድ ወር ባሕር ሲወርድም «መጣሁ»። መቼም «መጣሁ» የሚለው የሚሄድ ሰው ነው፤ የሚመጣ ሰውማ ይመጣል እንጂ ምን ያስለፈልፈዋል?

ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚህችው ቃል ነው። ቬሬታ ቴክሳስ ሄዳ የሆቴል አንሶላ ታጥብ በነበረበት ጊዜ ኦዴል ሴት ልጃቸውን ዴልፊንን በአውቶቡስ ሊወስድላት ኦፐሉሳስ መናኸሪያ ገባ። ልጅቱ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። አክስቷ የገዛችላትን ነጭ ካልሲ አድርጋ አግዳሚው ላይ እግሯን ታወዛውዛለች። አውቶቡሱ ዘገየ። የኦዴል ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ መስኮት ሄዶ አየ፣ ተመለሰ።

«አባዬ፣ ቀይ ለስላሳ ግዛልኝ» አለችው።

እሱም ሰበብ አገኘ። «እሺ የኔ ቆንጆ። እዚሁ ቁጭ በይ። እንዳትነቃነቂ። መጣሁ።»

ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። መንገዱን ሳይሻገር ሁለት የሚያውቃቸው ሰዎች መኪና አቁመው «ግባ፤ አንዴ ዞር ብለን እንመልስሃለን» አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን «ልጄ ትጠብቀኛለች» ባለ ነበር። ኦዴል ገባ። ምን አለፋችሁ፣ መኪናው ከከተማው ዳር አንድ መደብር ደጃፍ ቆመ፣ ሁለቱ ወረዱ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ባለመደብሩ ሞተ። ኦዴል ከመኪናው አልወረደም። በዕድሜው ቁጭ ማለት በማይገባው ቦታ ቁጭ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው። ሕጉ ግን የወረደውንም ያልወረደውንም በአንድ ገመድ ነው የሚያስረው። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በዚያ አገር ደግሞ ዕድሜ ልክ ማለት ዕድሜ ልክ ነው፤ መውጫው የሬሳ ሳጥን ነው።

ዴልፊን አልተነቃነቀችም። ቲኬት ሻጯ መስኮቷን ዘግታ ስትወጣ እዚያው ናት። «የኔ እናት፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» ስትላት «አባዬን። መጣሁ ብሏል» አለች። ሽንቷ ቢመጣባት እንኳ አልተነሳችም፤ «ስሄድ ቢመጣስ?» ብላ። የኦዴል እህት ኧርሊን ወሬውን ሰምታ እየሮጠች ስትደርስ ነጩ ካልሲ ርሷል። ልጅቱ አታለቅስም፤ መንገድ መንገዱን ታያለች። ኧርሊን ይህን ለወንድሟ አልደበቀችውም። እስር ቤት ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር ትነግረዋለች።

እስር ቤቱ ወንዝ በሦስት ወገን የከበበው ሰፊ እርሻ ነው። ቀን በመስመር ወጥቶ መኮትኮት፣ ከዚያ ረጅም አዳራሽ ውስጥ መቆለፍ። እንደ ኦዴል ላለ ሰው ከዚህ የባሰ ገሃነም የለም። በአልጋዎቹ መሃል ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። «ኧረ አንተ ቁንጫ፣ ሲሚንቶውን ጨረስከው እኮ! አርፈህ ተኛ!» ይሉታል። ስሙ እዚያ ወጣለት። ዓመታት ሲያልፉ ኦዴል ብላ የምትጠራው እህቱ ብቻ ቀረች፤ ለሌላው ሁሉ ቁንጫ ነው።

ትንሽ ያበረደለት ሮዲዮው ነው። ጥቅምት ሲገባ እሁድ እሁድ እስረኞቹ ያልተገራ ፈረስና ኮርማ ይጋልባሉ፤ ሕዝቡ ከየከተማው እየተጫነ መጥቶ ያያል። ሲጀመር የነበሩት ሰው አሁንም አሉ፤ አባባ ሴፕቲም። እዚያ ግቢ ውስጥ እንደሳቸው ያረጀ እስረኛ የለም። «ያን ጊዜ ምን ሮዲዮ ነበር!» ይላሉ። «እኛና ዘበኞቹ ነን እርስ በርሳችን የምንዝናናው። ተመልካች ቢባል ከሰፈሩ ጥቂት ሰው፤ ያውም የፖም ሳጥን ላይ፣ መኪናው አፍንጫ ላይ ቁጢጥ ብሎ። ኋላ ሕዝቡ ሲበዛ መቀመጫ ሥሩ አሉን። ሚስማሩን የመታሁት በዚህች እጄ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ስወድቅ አይቶ የሚስቅብኝ ሰው እንዲመቸው መቀመጫውን ራሴ ሠርቼለት! ቴክሳሶች ከእኛ በፊት ነው የጀመሩት፤ መቀመጫቸው አረጀ ተብሎ ተዘጋ። የእኔ ሚስማር ግን ይኸውና!» በዚህች ሚስማር እንደኮሩ ይኖራሉ።

ዓመቱን ሙሉ ጂንስና ነጭ ካናቴራ የሚለብሱ ሰዎች ለሮዲዮው ቀን ብቻ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያለው ሸሚዝ ይታደላቸዋል። ለምን ቢባል፣ ተመልካቹ እስረኛን የሚያውቀው እንደዚያ ነዋ! ሰው ሚስትና ልጁን ይዞ መጥቶ፣ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ፣ ሌላው ሰው ተወርውሮ ሲፈርጥ ቢያጨበጭብ ምን ይሉታል? ያናድዳል። እስረኞቹን ብትጠይቋቸው ግን አንድም «ይቅርብን» የሚል አታገኙም። በዓመት አንዴ ሰው ስማቸውን በድምፅ ማጉያ የሚጠራቸው ያኔ ነው።

ኦዴል የሚጋልበው ፈረስ ነበር። ከእሱ የባሰ ቁንጥንጥ ሲያገኝ ያርፋል። ፈረሱ ሲፈራገጥ በዚያች አፍታ ውስጡ ጸጥ ይላል፤ ወድቆ አቧራውን ሲያራግፍ እንደገና ይጀምረዋል። ጸጉሩ እስኪሸብት እንዲህ ኖረ። ዴልፊን አንድም ቀን መጥታ አታውቅም።

አንድ የነሐሴ ቀን ከኧርሊን ጋር በስልክ ሲያወራ፣

«ቁጭ ብለህ ነው የምታወራኝ?» አለችው።

«ቆሜ ነው።»

«እንግዲያው ግድግዳ ያዝ። ዴልፊን ልትመጣ ነው።»

ኦዴል ግድግዳውን ያዘ። ዴልፊን አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። አንድም ልጅ ጥላ ሄዳ አታውቅም ይባላል፤ ወላጅ ካልመጣ ልጁን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች እንጂ።

«መቼ? ጠያቂ ክፍል ነው የምትመጣው?»

«ጠያቂ ክፍልማ ዝር አልልም ብላለች። ‹እንደማንኛውም ሰው ቲኬቴን ቆርጬ ሮዲዮውን አያለሁ፤ ደስ ካለኝ አጥሩ ድረስ ሄጄ አናግረዋለሁ፣ ካላለኝ ወደ ቤቴ ነው የምለው። ቢጫ ኮፍያ አደርጋለሁ። ይጠብቀኝ እስቲ፣ ከቻለ።› ያለችው ይኼን ነው።»

«ከቻለ አለች?»

«አዎ ወንድሜ፤ ከቻለ። እና ደግሞ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ እንደ ልማድህ ፈረስ ላይ ስትዘል እንዳታይህ። ስትዘልማ ታውቅሃለች።»

ያን ቀን ኦዴል ሲሚንቶውን ሲለካ አመሸ። በማግስቱ ወደ አባባ ሴፕቲም ሄዶ «ፖከር ልገባ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ፊቱን ሲያዩት አቆሙ። ፖከር የሚባለው የሮዲዮው ዋና ጨዋታ ነው። አራት እስረኞች ሜዳው መሃል በቀይ ጠረጴዛ ዙሪያ ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ። ኮርማ ይለቀቅባቸዋል። መጨረሻ ድረስ ከወንበሩ ያልተነሳ አሸናፊ ነው፤ ካርታውንማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል። አባባ ሴፕቲም በጉልምስናቸው የዚያ ጠረጴዛ ንጉሥ ነበሩ፤ ያነክሳሉ፤ ያነከሱትም በዚያው ነው።

«ልጄ፣ አንተ እኮ እንቅልፍህን እንኳ ቆመህ ነው የምትተኛው። ምን ሆነህ ነው?»

ነገራቸው። መናኸሪያውን፣ ካልሲውን፣ ቢጫውን ኮፍያ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል ይባላል» አሉ። «አንተ ደግሞ ቆመህ የሰቀልከውን ቁጭ ብለህ ልታወርድ? እሺ። ና ተቀመጥ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ትምህርት ሆነ። አባባ ሴፕቲም ውሃ የሞላ ኩባያ አምጥተው ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣሉ። «እንዳትደፋው።» ይደፋዋል። ይሞሉታል። ይደፋዋል። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን ትተው ይሰበሰባሉ።

«ኧረ ቁንጫ፣ ሱሪህ ረጠበ! እናትህን እንጥራልህ?» ይላል ሮስኮ፣ የኒው ኦርሊንሱ ጎረምሳ፤ እሱም በዚያው ጠረጴዛ ሊቀመጥ የተመዘገበ ነው። ሮስኮ ስለ ካልሲው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ኦዴል ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ዝም በለው» አሉ ሽማግሌው። «ስማኝ። ኮርማ ሰው አያይም፤ የሚያየው የሚነቃነቅ ነገር ነው። ወንበር ሁን።»

«ወንበር እንዴት ይኮናል አባባ?»

«ወንበር የት ልሂድ ይላል? አይልም። በቃ።»

«ወንበር ልጅ የለውማ።»

«እሱም አለ» አሉና ኩባያውን እንደገና ሞሉት።

መስከረም ሲጋመስ ውሃው መርገብገብ ቀነሰ። አንድ ቀን አንድም ጠብታ ሳይፈስ ቀረ። ኦዴል ግን አልተደሰተም። ጉልበቱ ቢቆምም ሆዱ ውስጥ ያ ነገር ይሮጣል። «ባትመጣስ? መጥታ ሳታናግረኝ ብትሄድስ?» ይላል። አባባ ሴፕቲም የሆድ መድኃኒት አልነበራቸውም።

እሁዱ ደረሰ። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ በዚያ በጠባቡ መንገድ እንደ ጉንዳን ተሰለፈ። የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ፣ የሕፃናት ጩኸት፣ የፈረሱ ሽንት፣ የድምፅ ማጉያው ኳኳታ አንድ ላይ ተደበላለቀ። ኦዴል ባለ ሸንተረሩን ሸሚዝ ለብሶ ከበረቱ ጀርባ ይንቆራጠጣል። ሕዝቡን አንድ በአንድ ያያል። ቀይ ኮፍያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ የካውቦይ ኮፍያ፤ ቢጫ የለም። «ቀረች። ትክክለኛ ሥራ ነው የሠራችው፣ እኔስ ብሆን ምን ብዬ እመጣለሁ?» ሲል፣ ከላይኛው ረድፍ ጫፍ ላይ አያት። ቢጫ ኮፍያ፣ ብቻዋን፣ እጆቿን አጣምራ። የቬሬታ አንገት፣ የራሱ የኦዴል ትከሻ። እንባው መጣ፤ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው።

«ፖከር!» አለ ድምፅ ማጉያው። አራቱ ወጡ። ኦዴል ፊቱን ወደ ቢጫው ኮፍያ አድርጎ ተቀመጠ። አንዱ ተጫዋች ያጉረመርማል፣ አንዱ ይጸልያል፣ ሮስኮ ያላግጣል። «ቁንጫ፣ መውጫው በዚያ በኩል ነው፤ በኋላ እንዳትጠፋ!»

በሩ ተከፈተ። ኮርማው ቀይ ነው፤ አንገቱና ትከሻው አንድ የሆነ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆመ፣ አፈሩን አሸተተ፣ አጥሩን ዞረ። የሚያጉረመርመው ሰው ኮርማው ዞሮ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀም፤ ካርታውን በትኖ አጥር ላይ ወጣ። ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ያኔ ኮርማው ጠረጴዛውን አየው። የሚጸልየው ሰው «አሜን» ሳይል በቀንድ ተመትቶ ከነወንበሩ አየር ላይ ወጣ፤ ወድቆ እየዳኸ አመለጠ። ኦዴል ጠረጴዛው ደረቱን ገፍቶት እንኳ አልተነቃነቀም። በሐሳቡ ጉልበቱ ላይ ኩባያ አለ። ውሃውን ያየዋል።

ኮርማው ተጠግቶ አሸተተው። ትንፋሹ አንገቱ ሥር ይሞቃል። ሮስኮ ማላገጡን ትቷል። «ቁንጫ» አለ በሹክሹክታ፤ «ቁንጫ፣ ሰውዬ፣ በሕይወት አለህ?» ኦዴል አልመለሰለትም፤ ወንበር አይመልስም። ሮስኮ ከዚህ በላይ አልቻለም። ብድግ ብሎ ሮጠ፣ ኮርማውም ተከተለው።

«አለቀ! ቁንጫ አሸነፈ!» ጮኸ ድምፅ ማጉያው። «ተነስ አንተ ሰው፣ በቃህ!»

ኦዴል ቀና ብሎ ወደ ላይኛው ረድፍ አየ። ዴልፊን ተነስታለች። ጀርባዋን ሰጥታው በደረጃው እየወረደች ነው፤ ወደ መውጫው።

ያ የውስጡ ነገር «ተነስ! ሩጥ! ጥራት!» አለው። መላ አካሉ ተነሳ ማለት ይቻላል፤ መቀመጫው ብቻ ቀረ። «አይ» አለ በልቡ። «ዞር ብትል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብትል፣ ያስቀመጠችኝ ቦታ ታግኘኝ።» ካርታውን አጥብቆ ይዞ ተቀመጠ። ኮርማ ለማዘናጋት የተመደቡት፣ ፊታቸውን የተቀቡ ቀልደኞች ኮፍያቸውን እያራገቡ ኮርማውን ሊያርቁት ሞከሩ፤ እሱ ግን ሮስኮን አጥር ላይ አድርሶ፣ ተናዶ ተመለሰ። «ቁንጫ ተነስ!» አሉ ከአጥሩ የተንጠለጠሉት ሁሉ። ቢጫው ኮፍያ ደረጃው ላይ ቆመ። ዞረ። አፏ ሲከፈት አየ፤ ያለችውን ግን አልሰማም። ከዚያ ሰማዩ ከታች ሆነ፣ መሬቱ ከላይ።

የሜዳው ሐኪም ሁለት የጎድን አጥንት ተሰብሯል አለው፤ ደረቱን ጠፍንጎ አሰረለትና «ተጋድመህ ብትቆይ ይሻላል» አለው። ኦዴል «አጥሩ ጋ እደርሳለሁ» አለ። አባባ ሴፕቲም ደግፈው ወሰዱት። ከሜዳው ውጭ እስረኞቹ የሠሩትን ቀበቶና ተወዛዋዥ ወንበር የሚሸጡበት ቦታ አለ፤ የታመኑት ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለው ይሸጣሉ፣ የቀሩት ከሽቦ አጥር ወዲህ ሆነው ይጮሃሉ። ኦዴል ከአጥሩ ወዲህ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እያቃሰተ ተቀመጠ። ቀና ሲል ቢጫው ኮፍያ ከፊቱ ነው።

«አብደሃል?» አለችው ዴልፊን። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ነው። «ንገረኝ እስቲ፣ አብደሃል? ሰው ሁሉ ተነስ እያለህ! እኔ ራሴ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼያለሁ!»

«አልሰማሁም።»

«ብትሰማስ?»

«አልነሳም ነበር።»

«ለምን?»

«መቀመጥ እንደምችል እንድታዪ ብዬ ነው።»

ዴልፊን ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስደስት አልነበረም። ሽቦውን በሁለት እጇ ያዘች። «ኮርማ ፊት ቁጭ በልልኝ ያለህ ማነው? እ? ይኼን ሁሉ ሰው ሰብስበህ፣ በድምፅ ማጉያ ስምህን አስጠርተህ! እኔ የፈለግኩት መናኸሪያው ውስጥ፣ እዚያች የተረገመች አግዳሚ ላይ፣ አጠገቤ ቁጭ እንድትል ነበር። ኮርማ አልነበረም እዚያ። ማንም አያጨበጭብም ነበር። እሷ ናት ያቃተችህ።»

ኦዴል ይቅርታ እንዳይላት ቃሉ አነሰበት። አባባ ሴፕቲም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀበቶ እንደሚያይ ሰው ፈንጠር አሉ።

ዴልፊን ሽቦውን ለቀቀች። ፊቷን በመዳፏ አበሰች፣ ኮፍያዋን አስተካከለች።

«ጠምቶሃል» አለች። «ለስላሳ ላምጣ። እዚሁ ቁጭ በል። እንዳትነቃነቅ።» ጥቂት ሄዳ በትከሻዋ ላይ ዞር አለች። «መጣሁ።»

ቃሉ ደረቱ ላይ፣ ልክ ስብራቱ ላይ አረፈ።

ለስላሳ ሻጩ ቅርብ ነው፤ ከሦስተኛው ዳስ ቀጥሎ። ሄዳ ለመመለስ ምንም አይፈጅም። ኦዴል ወደዚያ አቅጣጫ ዓይኑን ተከለ። አንድ ሴት መጣች፤ ሌላ ናት። ቢጫ ነገር አየ፤ የሕፃን ፊኛ ነው። «ሰልፍ ይዛ ይሆናል» አለ። ሰልፉ አለቀ። «ሽንት ቤት ገብታ ይሆናል።» ሽንት ቤት የገቡት ሁሉ ወጡ። ሕዝቡ መሳሳት ጀመረ፤ አባቶች የተኛ ልጅ ተሸክመው ወደ መኪና ማቆሚያው ይሄዳሉ፣ የሞተር ድምፅ በየቦታው ይነሳል። «ሄዳለች። ይኼን ልታሳየኝ ነው የመጣችው፤ አሳየችኝ፣ ሄደች። ደግ አደረገች።» ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ያጠጣው ውሃ ሽንት ሆኖ መጣበት። ተቀምጦ ሲተነፍስ ጎኑ እንደ ቢላ ይወጋዋል፤ ቢቆም ይቀለዋል። ሽንት ቤቱ ከጀርባው ነው፤ ዘሎ ቢመለስ ማንም አያውቅበትም። ግን ስሄድ ብትመጣስ?

እንዲህ ሲል ራሱን ሰማው። ያን ቀን ምን እንደሠራ እስከዛሬ የሚያውቅ ይመስለው ነበር። አያውቅም ነበር። በሁለት እጁ አግዳሚውን ጠርዙን ያዘ።

«ተሰለፉ! ቆጠራ ነው!» አለ ዘበኛው፣ ሻምበል ዱቼት የሚባለው። እስረኞቹ ቀበቷቸውን መሰብሰብ ያዙ። «ቁንጫ፣ ና ተነስ።»

«ሻምበል፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ልጄ መጣሁ ብላለች።»

«ሰው ሁሉ ሄደ እኮ።»

«መጣሁ ብላለች።»

ሻምበሉ አባባ ሴፕቲምን አየ። ሽማግሌው ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው «ሻምበል፣ ይህ ሰው ከገባ ጀምሮ ቁጭ ብሎ አይተውት ያውቃሉ?» አሉት። ሻምበሉ አሰብ አደረገ፣ አላየም። «እሺ፤ እነዚያን ቆጥሬ እስክመለስ» ብሎ ወደ ሰልፉ ሄደ።

ቆጥሮ ተመለሰ። የኦዴልን ክንድ ያዘ። ኦዴል አልታገለም፣ አልተነሳምም፤ ጠርዙን እንደያዘ ነው፤ ዓይኑ ከለስላሳ ሻጩ አልተነቀለም። ሻጩ ዳሱን አፍርሶ እየጫነ ነው።

ዴልፊን በዚያ በኩል አልመጣችም። የመጣችው በሌላው በኩል ነው፤ ተወዛዋዥ ወንበሮቹ ከተደረደሩበት ከዳሱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሃያ ክንድ ከማይሞላ ቦታ። ሁለት ቀይ ለስላሳ ይዛለች። ዓይኖቿ አብጠዋል። ሻምበሉን «አንድ ደቂቃ፣ እባክዎ» አለችው፤ እሱም ክንዱን ለቆ ወደ ኋላ አለ።

አንዱን ጠርሙስ በሽቦው ሥር አሳለፈችለት። ኦዴል በሁለት እጁ ተቀበለው። ቀዝቃዛ አይደለም፤ ገላ ያህል ሞቋል።

«ሞቋል» አላት።

«አዎ። ከገዛሁት ቆየ።»

ከአጥሩ ወዲያ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ፊት ለፊቱ፣ ጉልበቷን አቅፋ። የመጨረሻዎቹ መኪኖች ወደ ጠባቡ መንገድ እየገቡ ነው። እሷ ወደ መኪኖቹ አላየችም።

«መጠበቅ እንዴት ነው?» አለችው።

ኦዴል ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጉልበቱ ቀጥ ብሏል።

«ረጅም ነው» አለ።

«አዎ» አለች ዴልፊን። «ረጅም ነው።»